ሁሉም ጸሐፊ በሆነበት ዘመን ሃበርማስን ማንበብ

ጀርመናዊው ፈላስፋና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዩርገን ሃበርማስ ስሙን ያስጠራውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1962 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ዜጎች ስለ ጋራ ጉዳያቸው በአደባባይ የሚከራከሩበት መድረክ እንዴት እንደተወለደና እንዴት እንደተበላሸ ይተርካል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ሃበርማስ በ93 ዓመቱ ወደዚያው ጥያቄ ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ እንቅልፍ የነሳው ማኅበራዊ ሚዲያ ነበር።

አዲሱ መጽሐፍ ቀጭን ነው። ውስጡ ግን ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ ያልወጣ ሐሳብ አለ። የማተሚያ መሣሪያ ሲፈለሰፍ ሰው ሁሉ አንባቢ የመሆን ዕድል አገኘ። ይሁን እንጂ ብዙኃኑ ማንበብ እስኪችል ድረስ ምዕተ ዓመታት ፈጅቷል። ዲጂታሉ ዘመን ደግሞ ሰውን ሁሉ ጸሐፊ አደረገው። ታዲያ ጸሐፊነትን እስክንማር ስንት ጊዜ ይፈጅብን ይሆን?

ጥያቄው ሰውን አይንቅም። "ሕዝቡ አላዋቂ ነው፣ ዝም ይበል" ማለትም አይደለም። ሃበርማስ ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረው ሁሉም ሰው የመናገር መብት እንዳለው ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። የሚናገረው በዝቶ የሚያዳምጠው ከጠፋ፣ የተባለውን የሚያጣራ ከሌለ፣ ለተባለው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ ካልተገኘ ምን ይተርፈናል?

ብዙ ተቺዎቹ ሃበርማስ ዓለምን እንደ ዩኒቨርሲቲ የውይይት ክፍል ያያል ይሉታል። መጽሐፍ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ፣ ሰው በምክንያት የሚመራ የሚመስለው የዋህ ምሁር ያደርጉታል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የሕይወት ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ይህ ሰው በንግግር ላይ የተማመነው ንግግር ሲከለከል፣ ሲዛባና ሲሞት በዓይኑ ስላየ ነው።

የተወለደው በጁን 1929 በዱስልዶርፍ ሲሆን ያደገው ከኮሎኝ ብዙም በማትርቀው በጉመርስባክ ከተማ ነው። ሲወለድ ላንቃው የተሰነጠቀ ነበር። በሕፃንነቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ንግግሩ ግን እንደ ሌሎች ልጆች አልጠራም። ይህንን በሰፊው የተናገረው በ2004 የኪዮቶን ሽልማት በጃፓን ሲቀበል ነው። ልጆች ንግግሩን ለመስማት ይቸገሩ እንደነበር፣ ያገሉት እንደነበር ተረከ። ሰው ያለ ሌላ ሰው መቆም እንደማይችል በዚያን ጊዜ ነው የገባው። የተጻፈ ቃል የአንደበትን ጉድለት ስለሚሸፍን ወደ ጽሑፍ ማድላቱንም አልደበቀም። ስለ መግባባት ከማንም በላይ የጻፈው ፈላስፋ፣ መግባባት በቀላሉ የማይገኝ ነገር እንደሆነ ያወቀው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ቁስል የአገር ነው። አባቱ የናዚ ፓርቲ አባል ነበሩ። እሱም እንደ እኩዮቹ ሁሉ በሂትለር ወጣቶች ድርጅት ውስጥ አለፈ፤ እዚያ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ነበር ሥራው። ጦርነቱ ሲያልቅ ገና 15 ዓመቱ ነው። ከዚያ የናዚ መሪዎች የተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት በሬዲዮ ይተላለፍ ጀመር። የማጎሪያ ካምፖቹ ፊልሞች ታዩ። ልጁ ቤት ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ እንደ ተራ ኑሮ የኖረው ሁሉ ወንጀለኛ በሆነ ሥርዓት ውስጥ እንደነበር ተረዳ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ነገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ከጀርባው አለ ብል አላጋነንኩም፦ ይህ እንዳይደገም ምን ዓይነት ሕዝብ፣ ምን ዓይነት ንግግር ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው የአደባባይ ድፍረቱ በ1953 መጣ። በዚያን ጊዜ በጀርመን ከማርቲን ሃይደገር የሚበልጥ የተከበረ ፈላስፋ አልነበረም። ሃይደገር በ1935፣ በናዚዎች ዘመን፣ የሰጠውን ትምህርት በ1953 በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ናዚ እንቅስቃሴው "ውስጣዊ እውነትና ታላቅነት" የምትለዋ ሐረግ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ማብራሪያ የለ፣ ይቅርታ የለ። የ24 ዓመቱ ተማሪ ሃበርማስ ያንን አይቶ ዝም አላለም። በፍራንክፈርተር አልገማይነ ጋዜጣ ላይ ታላቁን ሰው በስሙ ጠርቶ ጠየቀው። በወቅቱ የጀርመን ፕሮፌሰሮች ብዙዎቹ ስላለፈው ጊዜ አፋቸውን ዘግተው ነበርና ጽሑፉ ትልቅ ጫጫታ አስነሳ። አንድ ወጣት ገና የዶክትሬት ሥራውን ሳይጨርስ (እሱን በቦን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው በ1954 ነው) ይህንን ማድረጉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በ1956 ፍራንክፈርት ሄዶ በማኅበራዊ ጥናት ተቋም የቴዎዶር አዶርኖ ረዳት ሆነ። ተቋሙን ይመሩ የነበሩት አዶርኖና ማክስ ሆርክሃይመር በናዚዎች ምክንያት ተሰደው ከአሜሪካ የተመለሱ ናቸው። አዶርኖ ወጣቱን ወደደው። ሆርክሃይመር ግን ፖለቲካው አስፈራው፤ ለተቋሙ አደጋ ነው ብሎ ከዚያ እንዲወጣ ለአዶርኖ ጻፈለት። ሃበርማስም ለፕሮፌሰርነት የሚጠየቀውን ሁለተኛ ትልቅ ጥናቱን ይዞ ወደ ማርቡርግ ሄደ። እዚያ የተቀበለው ቮልፍጋንግ አበንድሮት ነው። አበንድሮት በዚያን ዘመን በምዕራብ ጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በግልጽ ሶሻሊስት ነኝ ከሚሉት እጅግ ጥቂት ፕሮፌሰሮች አንዱ ነበር። የ1962ቱ መጽሐፍ ያ ጥናት ነው፤ ሲታተምም ለአበንድሮት ተበረከተ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ታሪኩ በአመዛኙ የሚጀምረው በእንግሊዝ ቡና ቤቶች ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የለንደን ቡና ቤቶች ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ጸሐፊው፣ መኳንንቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ዜና የሚያነቡባቸውና የሚከራከሩባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ይህ ወሬ አላማረውም። በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶቹ እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ። ተቃውሞው ስለበረታበት በቀናት ውስጥ አዋጁን ሳበ። በ1713 ደግሞ በተንስ በተባለው ቡና ቤት የአንበሳ ራስ ቅርጽ ተሰቀለ። ሰዎች ለጋዜጣ የሚልኩትን ደብዳቤ በአንበሳው አፍ ይከታሉ፤ አዘጋጁ መርጦ ያትመዋል፤ የታተመው ተመልሶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነበባል። ይህ ዙር ነው ለሃበርማስ ትልቁ ነገር። የተባለው ተጣርቶ ይታተማል፣ የታተመው እንደገና ይተቻል። ቢያንስ በመርህ ደረጃ ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ያቀረበው ምክንያት ነው የሚመዘነው።

የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ያሳዝናል። በ19ኛውና በ20ኛው ምዕተ ዓመት ጋዜጣው ንግድ ሆነ። ማስታወቂያ ገባበት። ፓርቲዎችና ኩባንያዎች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቀጠሩ። ይከራከር የነበረው ሕዝብ ተመልካች ሆነ፤ ይጠየቅ የነበረው ሥልጣን ራሱን የሚያሳይበት መድረክ አገኘ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ቴሌቪዥን ራሱ ገና በየቤቱ በሚገባበት ጊዜ ነው።

መጽሐፉ ትክክለኛ ትችት ገጥሞታል። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘር በ1990 ያነሳችው ከሁሉም ይበረታል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሴቶች የት ነበሩ? ድሃው የት ነበር? የተገፉትስ የራሳቸውን መድረክ አልፈጠሩም? ከእሷ በፊት በ1972 የሃበርማስ ረዳት የነበረው ኦስካር ኔግትና አሌክሳንደር ክሉገ የሠራተኛው መድረክ እንደተረሳ ጽፈዋል። ሃበርማስ በ1990 ለወጣው አዲስ እትም በጻፈው መግቢያ ብዙውን ትችት ተቀብሏል። በሃሳቡ ሲያምን ኖሮ ሲተች የሚያኮርፍ ሰው አልነበረም።

በ1964 ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰ። የተሰጠው ወንበር ያ ያስወጣው የሆርክሃይመር ወንበር ነበር። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የተማሪዎች አመፅ ፈነዳ። ጁን 2 ቀን 1967 በርሊን ውስጥ ቤኖ ኦነሶርግ የተባለ ተማሪ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ከሳምንት በኋላ በሃኖቨር በተካሄደው ጉባዔ ሃበርማስ ከተማሪዎቹ ጎን ቆሞ ተናገረ። ሆኖም የመሪያቸው የሩዲ ዱችከ አካሄድ ኃይልን ሆን ብሎ የሚጋብዝ መስሎ ስለታየው "የግራ ፋሺዝም" የሚል ቃል ወረወረ። ቃሉ ለዓመታት ተከተለው። በኋላ ራሱም ቃሉ ከልክ ያለፈ እንደነበር አምኗል። ተማሪዎቹ ከዳተኛ አሉት፤ ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ የአመፁ አባት እሱ ነው አሉ። ከሁለቱም ወገን መመታት ለእሱ ያ የመጨረሻው አልነበረም።

ከ1971 እስከ 1981 ሙኒክ አጠገብ በምትገኘው ሽታርንበርግ የማክስ ፕላንክ ተቋምን ከፊዚክስ ሊቁ ካርል ፍሪድሪሽ ፎን ቫይስኬከር ጋር መራ። የዚያ አሥር ዓመት ፍሬ በ1981 የወጣው ባለ ሁለት ቅጽ የመግባባት ንድፈ ሐሳቡ ነው። ከ1,100 ገጽ በላይ ነው፤ አነባበቡም ከባድ ነው። ዋናው ሐሳብ ግን ለማንም ይገባል።

ጎረቤትህ ማታ መጥቶ "ልጄ ታማብኛለች፣ እባክህ ሙዚቃውን ቀንስልኝ" አለህ እንበል። በዚህች አጭር ንግግር ሦስት ነገር እያለህ ነው። ልጅቷ በእርግጥ ታማለች። እኔ ይህንን ልጠይቅህ መብት አለኝ። የምነግርህም ከልቤ ነው። ሦስቱንም ልትጠራጠር ትችላለህ። ብትጠራጠር ደግሞ ማስረዳት የእሱ ግዴታ ነው። ሃበርማስ የሚለው፣ ሰው አፉን ከፍቶ ከሌላ ሰው ጋር ለመግባባት ሲሞክር ምክንያት ለመስጠት ሳያውቀው ቃል ገብቷል ነው። ጎረቤትህ ከመለመን ይልቅ በፖሊስ ቢያስፈራራህ ወይም ብር ቢሰጥህ ሙዚቃው ይቀንስ ነበር። ግን መግባባት አልነበረም። ኅብረተሰብ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ገበያ በገንዘብ፣ መንግሥት በሥልጣን ይሠራል። ችግሩ ገንዘብና ሥልጣን ከቦታቸው ወጥተው በቤተሰብ፣ በትምህርት፣ በባህል፣ በወሬያችን ውስጥ ሲገቡና ሲገዙት ነው።

በ1983 እንደገና ወደ ፍራንክፈርት ሄዶ እስከ ጡረታው፣ እስከ 1994፣ አስተማረ። በዚህ መካከል ሌላው ትልቅ ውጊያው መጣ። በ1986 ኤርንስት ኖልተ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ የናዚዎች ጭፍጨፋ ለሶቪየት ጭካኔ የተሰጠ ምላሽ ነበር የሚል አንድምታ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ሃበርማስ በዲ ሳይት ጋዜጣ ላይ አፋጠጠው። አገር ማለት ያለፈውን አሳምሮ የሚኮራበት ዘር ወይም ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ጀርመኖች ሊታመኑለት የሚገባው ለሕገ መንግሥታቸው መርህ ነው አለ። ጭቅጭቁ ጀርመን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ጋዜጣ ሞላ። ይህ ለእኔ የሕይወቱ ጫፍ ነው። የ1962ቱ መጽሐፍ የጻፈለትን መድረክ ራሱ ተጠቅሞ፣ በስሙ፣ በምክንያት ተከራክሮ የአንድን አገር ትዝታ አቅጣጫ አስያዘ።

ቀሪውን በፍጥነት ልለፈው። በ1999 የኔቶን የኮሶቮ ጣልቃ ገብነት ደገፈ፤ በ2003 የኢራቅን ወረራ ከፈረንሳዊው ፈላስፋ ከዣክ ዴሪዳ ጋር ሆኖ ተቃወመ። በጃንዋሪ 2004 ሙኒክ ላይ ከካርዲናል ራትሲንገር ጋር፣ ከዓመት በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 16ኛ ከሆኑት ሰው ጋር፣ ስለ እምነትና ምክንያት ተወያየ። በ2019፣ በ90 ዓመቱ፣ ከ1,700 ገጽ የሚበልጥ የፍልስፍና ታሪክ አሳተመ። በ2021 ከአቡ ዳቢ የተሰጠውን የሼክ ዛይድ መጽሐፍ ሽልማት መጀመሪያ ተቀብሎ ኋላ መለሰው፤ ሽልማቱን የሚሰጠው ተቋም ከአገሪቱ የፖለቲካ ሥርዓት ጋር ያለውን ትስስር በበቂ አላጤንኩም ብሎ።

ከዚያ 2022 እና ቀጭኑ መጽሐፍ። ክሱ ግልጽ ነው። ጋዜጣ የሚያትመውን ይመርጣል፣ ያጣራል፣ ከተሳሳተም ይጠየቃል። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና መሰሎቻቸው ግን "እኛ መድረክ ብቻ ነን" ይላሉ። ምን ፊት ለፊታችን እንደሚመጣ የሚመርጠው ስሌት የእነሱ ነው፤ የተመረጠው ነገር የሚያስከትለው ግን እኛን አይመለከተንም ይላሉ። ውጤቱን ሃበርማስ ግማሽ የግል፣ ግማሽ የአደባባይ ብሎ ይገልጸዋል። ሰው ለራሱ ሰዎች ብቻ እንደሚያወራ ያወራል፤ የሚሰማው ግን ዓለም ነው። በየጎራው የሚደነቀው ከወዲያ የሚመጣ ምክንያት ሳይሆን ከወዲህ የሚመጣ ጭብጨባ ነው። ስለዚህ ሰዎች የጋራ እውነታ ኖሯቸው እንዲከራከሩ የሚያስችል የሚዲያ ሥርዓትን መጠበቅ የአንድ ፓርቲ ምርጫ ሳይሆን የሕገ መንግሥት ግዴታ ነው ይላል።

መጽሐፉ በወጣ ሰሞን፣ በኦክቶበር 2022፣ ኢሎን መስክ ትዊተርን ገዛ። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ትልልቅ መድረኮችን በኃላፊነት የሚይዝ ሕግ አጸደቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በአሜሪካ ከገለልተኛ አጣሪዎች ጋር የነበረውን የእውነታ ማጣራት ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሽማግሌው የጠቆመው ቦታ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተንቀሳቀሰው።

ግን አንድ ነገር አልወደድኩለትም። ሃበርማስ የሚናፍቀው ጋዜጣ የምዕራብ ጀርመን ጋዜጣ ነው። ነፃ፣ ሀብታም፣ ጥሩ አርታኢ ያለው። በኢትዮጵያ ሳንሱር በሕግ የተነሳው በ1992 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ከዚያም ወዲህ ጋዜጠኞች ታስረዋል፣ ጋዜጦች ተዘግተዋል። አርታኢው የመንግሥት ሰው በሆነበት አገር "ድሮ የሚያጣራ ነበር" ማለት ብዙም አያጽናናም። ለዋሽንግተኑም ለአዲስ አበባውም ሐበሻ ፌስቡክና ዩቲዩብ ተዘግቶ የኖረ በር ከፍተዋል። የበሩን መከፈት ከምሬ እደግፋለሁ። በሩ ውስጥ የገባውን ነገር ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል።

ሃበርማስ ራሱስ በመርሁ ኖረ? እዚህ ላይ ልብ ይከብዳል። በ2022 እና በ2023 ስለ ዩክሬን ጦርነት ጽፎ ድርድር እንዲታሰብ ሲጠይቅ ብዙ ተሰደበ፤ እሱ ግን ምክንያቱን ዘርዝሮ ነበርና ቢሳሳት እንኳ መከራከር ይቻላል። የኖቬምበር 2023ቱ የጋዛ መግለጫ ግን የተለየ ነው። ከሦስት የፍራንክፈርት ባልደረቦቹ ጋር ፈርሞ የሃማስን ጭፍጨፋ አወገዘ፣ ለእስራኤልና ለጀርመን አይሁዶች አጋርነቱን ገለጸ። የእስራኤል ምላሽ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው አለ፤ የተመጣጣኝነትንና ሲቪሎችን የመጠበቅን መርህም ጠቀሰ። የዘር ማጥፋት ሐሳብ አለ የሚሉትን ግን የፍርድ መመዘኛቸው ጠፍቷል አላቸው። ቀድሞ ከጠቀስኳት ከናንሲ ፍሬዘር ጀምሮ ብዙ ምሁራን በደብዳቤ መለሱለት፤ ሰብዓዊ ክብር ለሁሉም ሰው እኩል መሥራት አለበት አሉ።

የእሱን ትውልድ ፍርሃት እረዳለሁ። በ16 ዓመቱ የኑረምበርግን ችሎት በሬዲዮ የሰማ ጀርመናዊ ለአይሁዶች ደኅንነት ቢንቀጠቀጥ ይገባዋል። ግን አንድን ክስ በማስረጃ ከመመከት ይልቅ ከክርክሩ በር ማስቀረት የሃበርማስን መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው አይዋጥም። እሱን ለመተቸት የምንጠቀምበት መመዘኛ ራሱ ያስተማረን ነው። ይህ ለእኔ የንድፈ ሐሳቡ ድክመት ሳይሆን ጥንካሬው ነው፤ ባለቤቱን እንኳ ይዳኛል።

በዚያው በ2022፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በዲሴምበር፣ ኢትዮጵያውያን ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ። ከከሳሾቹ አንዱ አባቱን በትግራይ ጦርነት ወቅት ያጣ ልጅ ነው። አባቱ ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ ስማቸው እየተጠራ ጥላቻ ተዘምቶባቸዋል፤ ልጁ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ማመልከቱን ይናገራል። ክሱ የፌስቡክ ስሌት የጥላቻ ጽሑፎችን እያስቀደመ አሰራጭቷል ይላል፤ ለተጎጂዎች የካሣ ፈንድ እንዲቋቋምም ይጠይቃል። ናይሮቢ የተመረጠችው ለአካባቢያችን ቋንቋዎች ይዘት የሚያጣሩት ሠራተኞች በጊዜው እዚያ ስለነበሩ ነው። ሜታ የጥላቻ ንግግርን ለመቆጣጠር ብዙ እንደሚሠራ ገልጿል፤ የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ሲልም ተከራከረ። በአፕሪል 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን አለኝ፣ ጉዳዩን አያለሁ ብሎ ወሰነ። አሁን ዳኞቹ ፊት የቀረበው ጥያቄ ሃበርማስ በመጽሐፉ ያነሳው ጥያቄ ነው፤ ምን እንደምናነብ የሚመርጥልን ኩባንያ፣ ለመረጠው ነገር ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?